ሳይቀምሱ ማሳለፍ

መቼ እንደነበር በትክክል አላስታውስም። ክልሉ አዲስ እንደነበር ግን አውቃለሁ። «ክልል» የሚለው ቃል ራሱ ለጆሯችን እንግዳ ነበር። አሶሳ ከተማ በወረድን ቁጥር የአንዱ ቢሮ ታፔላ ቀለሙ ሳይደርቅ የሌላው ሲሰቀል እናይ ነበር። ልጆቼ ዓመቱን ሊያስታውሱኝ ይሞክራሉ፤ «እከሌ በተወለደ ጊዜ ነው፣ እከሊት ባገባች ማግስት ነው» ይሉኛል። እኔ ግን የሚታየኝ ጉሙ ነው። ጭጋግ ይሁን የሣር ቃጠሎ ጢስ እሱንም መለየት ያቅተኛል። በእኛ አገር ክረምት ሲሆን ጭጋጉ ከቀርከሃው ሥር ተነሥቶ ቤቱን ይውጠዋል። በጋ ሲሆን ደግሞ ሣሩ ይቃጠልና ፀሐይ እንደ መዳብ ቀልታ ጢሱ ውስጥ ተንጠልጥላ ትውላለች። ነገሩ የሆነው በእነዚያ በሁለቱ መካከል ነው።

መንደራችን ስም አልነበራትም፤ ቁጥር ነበራት። በድርቁ ዘመን ከወሎ አምጥተው ጫካው መሐል ሲያወርዱን የሰጡን ቁጥር ነው። ከወንዙ ማዶ ያሉት የበርታ ጎረቤቶቻችን ለቦታው የጥንት ስም ነበራቸው፤ እኛ ልንጠራው ስንሞክር አፋችንን እያዩ ይሥቁ ነበር። አገር ቤት ሰው በአባቱ ይታወቃል፣ በርስቱ ይታወቃል፣ በደብሩ ይታወቃል። እዚህ ሁላችንም ከመኪና የወረድን ነን፤ ማንም የማንንም አያት አያውቅም። ስለዚህ ሰው በሚችለው ነገር ታወቀ። አንዱ ቤት ይከድናል፣ አንዱ በሬ ያክማል፣ አንዱ ሬሳ ይገንዛል። እኔ አሳላፊ ሆንኩ።

እንዴት እንደመረጡኝ እንጃ። ድምፄ ዝግ ያለ ነው፣ አልቸኩልም፣ ድሃና ሀብታም ሳላበላልጥ አዳርሳለሁ፤ ምናልባት ለዚያ ይሆናል። ሠርግ ሲሆን፣ ተዝካር ሲሆን፣ ለአረም ወንፈል ሲወጣ፣ ማንቆርቆሪያው እኔ እጅ ላይ ነው። አሳላፊ ደግሞ ሳይቀምስ አይሰጥም። ጠላውን መዳፉ ላይ ጠብ ያደርግና ሰው እያየው ይጠጣል። የእኔ ነፍስ ከናንተ ነፍስ አትበልጥም ማለት ነው። እንደኛ ከየአውራጃው ለተሰበሰበ፣ ገና እርስ በርሱ ላልተማመነ ሰው፣ ይህ ቀላል ነገር አልነበረም። እኔ ከቀመስኩ ሁሉም ይጠጣል። እዚያች መንደር ውስጥ ከዚህ ሌላ ስም አልነበረኝም ብል ውሸት አይሆንም።

ኋላ ኋላ ጋን የሚከፍቱ ሴቶችም ጧት ጧት ይጠሩኝ ጀመር። «እስቲ ቅመስልን፣ ደርሷል?» ይሉኛል። እቀምስና «ለነገ ይቆይ» እላለሁ፤ ወይም «ጥሩት ሰዉን» እላለሁ። ከመዳፍ ወደ ጣሳ መቼ እንደተሻገርኩ አላውቅም። እንቅልፍ ሰውን እንደሚወስደው ነው የወሰደኝ። ሰክሬ ወድቄ አላውቅም፤ ከሰው ተጣልቼም አላውቅም። ብቻ ጧት ስነሣ እጄ ከኔ ቀድሞ ነቅቶ ይንቀጠቀጥ ነበር።

አብዝቼ የምሄደው ጠማቂዋ ጎረቤቴ ዘንድ ነው። ከባምባሲ በኩል የመጣች የወለጋ ሴት ናት። የእኛን መንደር ሰው አግብታ ስትኖር ባሏን ወባ ገደለባትና ከልጆቿ ጋር እዚያው ቀረች። የሷን ጠላ የቀመሰ ሌላ ቤት አይሄድም። ሲገርማት በኦሮምኛዋ «ያ ዋቅ»፣ አምላኬ፣ ትላለች፣ ሲከፋትም «ያ ዋቅ» ትላለች፤ የቱ እንደሆነ በዓይኗ ነው የሚለየው። እኔን «ወንድምዓለም» ትለኛለች፤ እኔ «እቴ» እላታለሁ።

እንዲህ ስንኖር ጤና ረዳቱ መጣ። ክልሉ ሲቋቋም ከየቦታው ተመድበው ከመጡት ወጣቶች አንዱ ነው። እኛ «ዶክተር» እንለዋለን፤ እሱ «ዶክተር አይደለሁም» ይላል፤ እኛም «እሺ ዶክተር» እንለዋለን። ማንጎው ጥላ ሥር ሰበሰበንና በሽታ ሁሉ ሰውን እስኪጥል መጠበቅ እንደሌለብን አስረዳን። አረም ማሽላውን ሳይበልጠው በፊት ይነቀል የለ፣ መጠጥም እንደዚያው ነው፣ ሰው ሱስ ሳይሆንበት በፊት ከታወቀ ይመለሳል አለ። ስለዚህ ትልቅ ሰው የሆነውን ሁሉ፣ ጠጪውንም የማይጠጣውንም፣ አንድ በአንድ ለብቻው ሊጠይቅ ነው። የሚጠጡትን ብቻ ብጠራ ማንም አይመጣም ብሎ ነው መሰለኝ።

ሰዉ እሺ ብሎ ተነሣ፤ ግን መንገድ ላይ ወሬው ተቀየረ። መጀመሪያ ጴንጤ ሊያደርገን ነው ተባለ፤ ልጁ በእርግጥ ጴንጤ ነበር፣ መጠጥም አይቀምስም። ቀጥሎ የባሰ መጣ። አዲሱ ክልል ሠፋሪውን ሊለይ ነው፣ ጠጪ የተባለውን በመኪና ጭኖ ወሎ ሊመልስ ነው ተባለ። ይህንን ወሬ የሰማ የሌላ አገር ሰው ቢሥቅ አልፈርድበትም። እኛ ግን በጥያቄ ተመርጠን የመጣን ሰዎች ነን። ያኔ በመጠለያው ውስጥ አንድ ሰው ይመጣና «ማረስ ትችላለህ? የሚያምህ ነገር አለ?» ብሎ ይጠይቃል፤ በመልስህ ወይ ትሳፈራለህ ወይ ትቀራለህ። ከጥያቄ ጀርባ መኪና እንደሚቆም እናውቃለን።

ስለዚህ አገሩን የወደደው ሁሉ መጠጥ የሚባል ነገር በስሙ እንኳ እንደማያውቅ ተናገረ። ወሎ የናፈቀው ደግሞ ባሕር እንደሚጠጣ ተናገረ። ከኔ ቤት ማዶ አንድ ሽማግሌ ነበሩ፤ ሶላታቸውን የማያስተጓጉሉ፣ በዕድሜያቸው ጠላ ነክተው የማያውቁ ሰው። ገብተው «ጎህ ሲቀድ እጠጣለሁ፣ ቀትር ላይ እጠጣለሁ፣ ማታም አረቄ አለ» አሉ። ምን ያህል እንደሚጠጡ ሲጠየቁ «እስክሞላ» ብለው መለሱ። ጤና ረዳቱ መቁጠሪያቸውን፣ ሙስባሃቸውን አየት፣ ፊታቸውን አየት እያደረገ ያሉትን ጻፈ። መንደሩ ከዚያ በኋላ «የአረቄው ሼህ» አላቸው። እሳቸው አልከፋቸውም፤ «ወሎ የሚያደርሰኝ ከሆነ ስሙን እችለዋለሁ» ይሉ ነበር።

ሰዉ የሚጠየቀው በእህል መጋዘኑ ውስጥ ነበር፤ በቀርከሃ ምንጣፍ ጥጉን ጋርደውለታል። ተራዬ ደርሶ ስገባ ወሬውን ሁሉ ሰምቼዋለሁ፤ ግን ልጁ ሲጠይቅ ድምፁ ለስላሳ ነበርና ውሸት አልመጣልኝም።

«ጋሼ፣ ጧት ምግብ ሳይቀምሱ በፊት መጠጥ ያምርዎታል?»

«ማማሩ እንኳ አይደለም፤ ሥራዬ ነው» አልኩት። የአሳላፊን ነገር አስረዳሁት፤ ሳያቋርጠኝ ሰማኝ። ከዚያ እጄን እንድዘረጋለት ጠየቀኝ። ዘረጋሁ። ሁለታችንም እጄን አየነው። ነፋስ በሌለበት የሚወዛወዝ ቅጠል ይመስል ነበር።

ገና እንዳልታመምኩ፣ ግን መንገዱን እንደጀመርኩት ነገረኝ። ባንድ ጊዜ ብተወው ሰውነቴ እንደሚደነግጥ፣ ስለዚህ ቀስ እያልኩ እንድቀንስና እየተመላለስኩ እሱ ዘንድ እንድታይ መከረኝ። እኔ ግን ነገሩ ግራ ገባኝ።

«ያልመጣ እንግዳ እንዴት ይሸኛል?» አልኩት።

«ቤት ሳይገባ፣ ደጅ ሳለ ነው የሚቀለው፣ ጋሼ» አለኝ።

የቀርከሃ ግድግዳ ምስጢር አይይዝም። ወጥቼ ሳይ ተራ የሚጠብቀው ሰው ሁሉ ጆሮውን ወደ ምንጣፉ አድርጎ ተቀምጧል። የኔን ብቻ አይደለም፣ የሁሉንም ሰምተዋል፤ ግን የሁሉም ውሸት ነበር፣ የኔ እውነት ነበር።

ከዚያ በኋላ መንደሩ ቀስ በቀስ ሌላ መሰለ። መኪናው አልመጣም፤ ጥያቄው ግን አልሄደም። ልጆች ፍየሎቻቸውን አስቀምጠው «ጧት ጧት ያምርሻል? እግርሽን ዘርጊ» ሲሉ ይውላሉ። ሴቶች ውኃ ሲቀዱ የየባሎቻቸውን መልስ እያነሡ ይሣሣቃሉ፤ ከሣቁ በኋላ ደግሞ አንዷ እንስራዋን አንሥታ ትሄዳለች፣ ቀጥላ ሌላዋ ትከተላለች። ድሮ ሰው ጠጣ ወይ አልጠጣ የማንም ጉዳይ አልነበረም። አሁን ሰዉ ሁሉ የጎረቤቱን እጅ ያይ ጀመር። አንዳንዱ ተጠቀመ፤ አንድ ወጣት ወንፈል ላይ «አልፈልግም» ሲል ማንም ሳይቆጣው ሲቀር ለመጀመሪያ ጊዜ አየሁ። አንዳንዱ ተጎዳ። የጠማቂዋ ቤት ጭር አለ። ወንዶቹ መጠጡን ስለተዉት አይደለም፤ ገብተው እንዳይታዩ ፈርተው ነው።

በእኔ ላይ የመጣው ርኅራኄ ነበር። ሰው ሲሰድብህ ትመልሳለህ፤ ሲራራልህ ምን ትለዋለህ? ስገባ ድምፃቸውን ይቀንሳሉ። ባለቤቴ ከውኃ ስትመለስ ዓይኗን ከኔ ታሸሻለች፤ «የታማሚው ሚስት» ብለዋት ኖሯል፤ ይህን ያወቅኩት ዘግይቼ ነው። ከዚያ የእድሩ ሽማግሌዎች ጠሩኝ። የአንዱ ጎረቤታችን ልጅ በጥር ልትዳር ነው፤ ሙሽራውና አጃቢው ከባምባሲ ነው የሚመጣው። የማያውቀን ሰው ነው። ሳይቀምስ የሚሰጥ አሳላፊ እንግዳ ያስቀይማል፣ ስለዚህ ወይ ቅመስ ወይ ማንቆርቆሪያውን ለሌላ ሰው ስጥ አሉኝ። ክፋት አልነበራቸውም። ልማዱ እንደዚያ ነው።

ቤቴ ሄጄ ተቀመጥኩ። ብቀምስ ወደ ጧቱ ጣሳ እመለሳለሁ፤ ልጁ የነገረኝ መንገድ ያው ይቀጥላል። ማንቆርቆሪያውን ብሰጥ ደግሞ እዚያች መንደር ውስጥ እኔ ማን ነኝ? ያን ሰሞን ያሳለፍኳቸው ቀናት አሁን ሳስባቸው በውኃ ውስጥ እንደሚታይ ነገር ናቸው። እየቀነስኩ ነበር፤ ቀኑን እችለዋለሁ፤ ጧቱን ግን አልችለውም። ጧት ላቤ ይመጣል፣ ድምፅ ሁሉ ይበዛብኛል፤ የማንጎ ቅጠል መሬት ሲወድቅ እሰማለሁ።

አንድ ጧት እግሬ ሳላዘው ጠማቂዋ ደጅ ወሰደኝ። ቤቷ ጭር ካለ ወዲህ ወደሷ ለመሄድ አፍሬ ነበር። እኔ እውነቱን ከተናገርኩ ወዲህ ሰው ሁሉ ይሸሻት ጀምሯልና ብታባርረኝ አይገርመኝም። እሷ አላባረረችኝም፤ አልቀዳችልኝምም። እጄን ረዘም ላለ ጊዜ አየችው።

«ወንድምዓለም፣ አጥሬ ወድቋል፤ ቀርከሃ ቁረጥልኝ» አለችኝ።

አጥሩን አየሁት። አልወደቀም። ግን ገጀራውን ሰጠችኝ፣ ሄድኩ። ቀርከሃው ውስጥ ስትገባ ሌላ ዓለም ነው። ብርሃኑ አረንጓዴ ነው፣ ግንዶቹ እርስ በርሳቸው እየተፋተጉ እንደ ሰው ያቃስታሉ፣ ጤዛው አንገትህ ላይ ጠብ ይላል። ስቆርጥ፣ ስሸከም፣ ስሰነጥቅ ፀሐይዋ ወጣች፤ ጧቱም ሳላውቀው አለፈ። የተቆላ በቆሎና ቀሪቦ ሰጠችኝ፤ ቀሪቦ እስላሙም ሕፃኑም የሚጠጣው፣ ጌሾ ያልገባበት ጠላ ነው። በማግሥቱም ጎኑ ይቀራል አለችኝ። ከዚያ በጀርባ በኩል ይቀራል አለችኝ። አጥሩ ቤቱን ዞሮ ሲያልቅ ሁለተኛ ዙር አስጀመረችኝ። እሱም ሲያልቅ የፍየል ጉረኖ ሥራልኝ አለች፤ አንድም ፍየል አልነበራትም።

መንደሩ ያሾፍ ጀመር። የአረቄው ሼህ በዚያ ሲያልፉ ቆም ይሉና «ንግሥት ልትሆን ነው መሰል፣ ቤተ መንግሥት ታሳጥራለች» ይላሉ። ሌላው «ጅብ በሠልፍ ይመጣል ብለዋት ነው» ይላል። እሷ ከውስጥ ሆና ሰምታ ትሥቃለች፤ እኔም ቀስ በቀስ ከእነሱ ጋር መሣቅ ጀመርኩ። የጋኑ ሽታ ግን በዚያው ነበር። እህሉን ስታመስ፣ ጌሾዋን ስትወቅጥ፣ እኔ ከውጭ ቀርከሃዬን እሰነጥቃለሁ። ሽታው ይመጣል፣ ያልፋል። መጀመሪያ እንደ ሰው እጅ ይጎትተኝ ነበር፤ ኋላ እንደ ዝናብ ሽታ ሆነ።

አንድ ጊዜ ግን አልቻልኩም። ገጀራውን መሬት ላይ አኖርኩና ገብቼ ለመንኳት። አንዲት ጣሳ፣ አንዲት ብቻ አልኳት። እሷም ድፍድፉን ማማሰል ትታ ዞረች።

«አልሰጥህም። ቤቴ ጭር ያለ ጊዜ ጠልቼህ ነበር፤ አልደብቅህም። ዛሬ ግን አልሰጥህም። አንተ ከሞትክ ጠላዬን ማን ያውቅልኛል?»

ሣቅኩ፣ አለቀስኩም መሰለኝ። ወጥቼ ቀርከሃዬን መሰንጠቅ ቀጠልኩ።

ጥር ደረሰ። ማንጎው አብቦ ንቡ ይጮህ ነበር፤ የቃጠሎው ጢስ ዳሱ ላይ እንደ ስስ ነጠላ ተዘርግቷል። ሽማግሌዎቹ ምን እንደወሰንኩ ሲጠይቁኝ «ማንቆርቆሪያውን እይዛለሁ፣ አልቀምስም» አልኳቸው። እንግዳው ቢቀየም ጥፋቱ በኔ ነው፣ ከዚያ በኋላ ለሌላ ስጡት አልኳቸው። እያመነቱ እሺ አሉ። ሙሽራው ከአጃቢዎቹ ጋር ገባ፤ ሰዎቹ ረጃጅም፣ ነጫጭ የለበሱ፣ ገና ዓይናቸው ከኛ ዓይን ጋር ያልተላመደ። ከመሐላቸው አንድ የተከበሩ ሽማግሌ ነበሩና ከሳቸው ጀመርኩ። ቀዳሁ። እጄ አልተንቀጠቀጠም፤ ያንን ያየሁት እኔ ብቻ ነኝ። ጣሳውን በሁለት እጄ አቀረብኩላቸው።

ሽማግሌው መዳፌን አዩ። ደረቅ ነው። ፊቴን አዩ። ከዚያ ጣሳውን ቀስ ብለው መሬት ላይ አኖሩት። ከአጠገባቸው ያለውም የያዘውን አኖረ። ዳሱ ውስጥ ያለው ጫጫታ ሁሉ ከዳር ጀምሮ ጸጥ እያለ መጣ። የእኛ ሽማግሌዎች አንገታቸውን ደፉ። እኔ ማንቆርቆሪያውን ይዤ ቆሜያለሁ፤ ማስረዳት አለብኝ፤ ግን እንዴት ተብሎ ይጀመራል?

ከጓዳ በኩል ጠማቂዋ መጣች። እጇ በዱቄት ነጥቷል፣ መቀነቷን እንደታጠቀች ነው። በእኛ ወግ ሴት በሙሽራ አጃቢ ፊት ቆማ አትጠጣም። እሷ ጎንበስ ብላ ጣሳውን ከሽማግሌው እግር ሥር አነሣችና እስከ ሥሩ ጠጣችው። አፏን በእጇ ጀርባ ጠረገች።

«የጠመቅኩት እኔ ነኝ፣ አባቴ። ክፉ ነገር ቢኖርበት የማውቀው እኔ፣ የምሞተውም እኔ። እሱ ይቅዳ፣ እኔ እቀምሳለሁ።»

ሽማግሌው ከእግር እስከ ራሷ አዩዋት። ንቡ ይሰማ ነበር።

«እንግዲህ ለሁላችንም ስትቀምሺ ጋኑ ማለቁ ነዋ» አሉ ኋላ። ከጎናቸው ያለው ፈገግ አለ፣ ሌላው ሣቀ፣ ከዚያ ዳሱ በሙሉ ሣቀ። ሽማግሌው ባዶውን ጣሳ ወደኔ ገፋ አደረጉት። ቀዳሁላቸው። ጠጡ። ከሳቸው ቀጥሎ ላለውም ቀዳሁ፣ እንዲያ እያልኩ እስከ ዳሱ ጫፍ ደረስኩ። በቀሩት ጋኖች ጊዜም እየመጣች አንድ ጉንጭ ቀምሳ ትመለሳለች፤ እኔ አዳርሳለሁ።

ከዚያ ወዲህ በመንደራችን የጠመቀ ይቀምሳል፣ አሳላፊ ያሳልፋል። ማንም ተሰብስቦ አልወሰነውም፤ ልማድ እንዲሁ ዞረ። ወንፈል የሚጠራ ሰውም ከጠላው ጎን ቀሪቦ ማስጠመቅ ጀመረ፤ የማይጠጣው ሳያፍር እንዲጠጣ። ቀሪቦውን የምትጠምቀው እሷ ሆነችና ቤቷ እንደገና ሰው ገባበት። ጤና ረዳቱ ሌላ ጊዜ መጥቶ ሲጠይቅ ሰዉ እውነቱን ነገረው፤ መኪና እንደሌለ አይቷልና። መጋዘኑ ውስጥ ግን ማንም አልገባም፤ ራቅ ካለው ማንጎ ሥር አስቀመጡት። የአረቄው ሼህ ብቻ «እኔ ትቼዋለሁ» አሉት።

ጤና ረዳቱ በኋላ ወደ መንጌ ወረዳ ተዛወረ ተባለ። ሊሰናበተን ሲመጣ እጄን ዘርግቼ አሳየሁት፤ ያዘውና አገላብጦ አየው። ያ ልጅ ሳይጠይቀኝ ቢያልፍ ዛሬ ይህን የምጽፍ ሰው አልኖርም ነበር፤ ይህንን ለማንም እናገራለሁ። ባለቤቴም ያን ሁሉ ጧት ቀድማኝ ተነሥታ፣ ወዴት እንደምሄድ እያወቀች፣ ምንም ሳትጠይቀኝ በሩን ትከፍትልኝ ነበር፤ የሷንም አልረሳውም። ልጆቼ ግን አሁንም «አባዬ፣ ያን ጊዜ እንዴት ወጣኸው?» ይሉኛል፤ እኔም ሁልጊዜ የምመልስላቸው አንድ ነው። ያሻገረችኝ ከባምባሲ በኩል የመጣችው፣ እቴ የምላት፣ ጠማቂዋ ጎረቤቴ ናት።